ከደረቀ ቀንበጥ ዛፍ ማንበብ

ፋሽጋ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ሰሊጡንና ማሽላውን ነው፤ ቀጥሎ የድንበሩን ጣጣ። በሰቲት፣ በአትባራና በባስላም ወንዞች መካከል ስለተዘረጋው ስለዚህ ለም መሬት ብዙ ተብሏል፤ ስለ ዛፎቹ የተወራው ግን ጥቂት ነው። ከገዳሪፍ ወዲህ፣ ዋልካው ሜዳ ላይ ሱዳኖች ጣልህ የሚሉት ግራር ቆሟል። ወንዝ ወንዙን ሀራዝ አለ። በየእርሻው ጠርዝ እረኛ ፍሬውን እየመጠጠ ከብት የሚጠብቅበት በደኖ አለ፤ ሱዳኖች ፍሬውን ላሎብ ይሉታል። ሜዳው አልቆ ወደ መተማና ወደ ሑመራ የሚወስደው ድንጋያማ ተዳፋት ሲጀምር ደግሞ የዕጣን ዛፍ ይመጣል። የእነዚህን አራት ዛፎች ሳይንሳዊ ስም ከዕፅዋት መጽሐፍ ብታወጡ፣ በአራቱም ላይ የአንድ ሰው ስም ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ ዴሊል የሚል።

ፈረንሳዊው አሊር ራፍኖ-ዴሊል ፋሽጋን በዓይኑ አላየም። ገዳሪፍንም መተማንም አልረገጠም። ሆኖም ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የጻፈውን ይዞ ዛሬ በዚያ በረሃ የሚሄድ ሰው ዛፉን ከዛፉ ለይቶ ያውቃል። የዚህ ሰው ሥራ ቀረብ ብለው ሲያዩት የሚያስደንቀውም ለዚህ ነው። የጥሩ ዕፀ-አዋቂ ሙያ በሁለት ነገር ይፈተናል። አንደኛው ከዛፉ ክፍሎች መካከል የማይዋሸውን መምረጥ ነው። ሁለተኛው በእጅ ካለው ማስረጃ አንዲት ቃል አለማለፍ ነው። ዴሊል በሁለቱም የተካነ ነበር።

የሕይወቱ ታሪክ ባጭሩ ይህ ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1778 ቬርሳይ ውስጥ ተወለደ። በ1798 ናፖሊዮን ቦናፓርት ግብፅን ሊወር ሲነሣ ከጦሩ ጋር ያሳፈራቸው ከ150 የሚበልጡ ምሁራን ነበሩ፤ የ20 ዓመቱ ዴሊል ከእነርሱ አንዱ ሆነ። ካይሮ ላይ የዕፅዋት ማፍያውን ሥፍራ በኃላፊነት ያዘ፤ ዓባይን ተከትሎም ወደ ላይኛው ግብፅ ወጣ። ፈረንሳዮች በ1801 ተሸንፈው ሲወጡ አብሮ ወጣ። ቀጥሎ አሜሪካ ሄዶ በሰሜን ካሮላይና፣ በዊልሚንግተን ወደብ ምክትል ቆንስል ሆነ፤ እግረ መንገዱንም ሕክምና ተማረ። በ1819 የሞንፔልዬ ከተማ የዕፅዋት ሥፍራ ኃላፊነት ተሰጠው። ይህ ሥፍራ ከ1593 ጀምሮ የነበረ፣ በፈረንሳይ አንጋፋ የሚባል ነው። ዴሊልም በ1850 እስኪሞት ድረስ ከዚያ አልተነቀነቀም።

ትልቁ ሥራው ምሁራኑ ከግብፅ ተመልሰው ባሳተሙት «የግብፅ መግለጫ» በተባለው ግዙፍ መድበል ውስጥ ይገኛል። የዕፅዋቱ ክፍል የዴሊል ነው፤ በ1813 የወጣ ሲሆን 62 የሥዕል ሰሌዳዎች አሉት። አብሮት ባሳተመው ዝርዝር 1030 ዕፅዋትን አስቀምጧል። ከጉዞው ሠዓሊዎች አንዱ ሄንሪ-ጆሴፍ ሬዱቴ ነበር፤ በጽጌረዳ ሥዕሎቹ ዓለም ያወቀው የፒየር-ጆሴፍ ሬዱቴ ታናሽ ወንድም። በዚያ ዘመን ሥዕሉ ተሥሎ ሲያበቃ ፈልፋዩ በሹል ብረት መዳብ ላይ መስመር በመስመር ይቀርጸዋል፤ ከዚያ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ ይታተማል። መዳብ ላይ የተሳሳተ መስመር ማጥፋት አድካሚ ነው። ስለዚህ ፈልፋዩ ዘንድ ከመድረሱ በፊት የትኛው መስመር እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው ትርፍ እንደሆነ ተለይቶ ማለቅ አለበት። ይህን የሚወስነው የሠዓሊው እጅ ብቻ አይደለም፤ ዕፀ-አዋቂው ነው።

ሰሌዳ 52ን እንውሰድ። በቁጥር 2 ጣልህ አለ፤ በቁጥር 3 ሀራዝ። ከመንገድ ሆኖ ለሚያይ ሰው ሁለቱም ግራር ናቸው፤ ሁለቱም እሾሃም፣ ቅጠላቸው የደቀቀ። በረሃ ላይ ቁመት ምስክር አይሆንም፤ ዝናብ ያገኘው ረዝሞ፣ ያጣው ቀጭጮ ይገኛል። የቅጠሉ ብዛትም እንደ ወቅቱ ነው። ግንዱ ደግሞ በእሳት ተለብልቦ፣ በመጥረቢያ ተጎድቶ መልኩን ይለውጣል። ዴሊል የተደገፈባቸው ምልክቶች ከዚህ ሁሉ የሚያመልጡት ናቸው። የጣልህ እሾህ ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚወጣ ነው። አበባው ቢጫ ድቡልቡል ኳስ ነው። ፍሬው ጠባብና እንደ ማጭድ የቆለመመ ነው። የሀራዝ እሾህ አጠር ብሎ ሥሩ ይወፍራል፤ አበባው ወደ ክሬም የሚያደላ ሆኖ በረጅም ዘንግ ላይ ይደረደራል፤ ፍሬው ሰፊና በራሱ ላይ የተጠማዘዘ ነው። እሾህ፣ አበባ፣ ፍሬ፤ ሦስቱን የያዘ ሰው ሁለቱን ዛፎች ድርቅ ቢመጣ ክረምት ቢገባ አያምታታቸውም።

ስለ ሀራዝ እረኛ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ሌላው ዛፍ በክረምት ሲለመልም እርሱ ቅጠሉን ያራግፋል፤ በጋ ሲገባና ምድሩ ሲከስል ግን ይለመልማል። ገበሬ ከማሳው መካከል የማይነቅለውም ለዚህ ነው፤ ማሽላው ሲያድግ ጥላ አይጥልበትም፣ በበጋ ደግሞ ለከብቱ ጥላና መኖ ይሆናል። ይህ ጠባይ የመዳብ ሰሌዳ ላይ አይወጣም። በ1934 ኦጉስት ሸቫልዬ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ይህን ዛፍ ከግራሮች ነጥሎ ለብቻው ወገን ሰጠው። ዴሊል ከግራሮች መደመሩ አልጸናም ማለት ነው። የዛፉ መግለጫ ግን ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላም አልተነካም። ስለ ዝምድና የተሰጠ ፍርድ ሲለወጥ ስለ ዛፉ የተነገረው ቃል እንዳለ ከቆመ፣ ያ ሥራ በደንብ ተሠርቷል።

ዴሊል ራሱም የቀደመውን አርሟል፤ ያረመውም ተራ ሰው አልነበረም። የዘመናዊው የዕፅዋት አሰያየም አባት ካርል ሊኔየስ በደኖን ከእንኮይ ጋር በአንድ ወገን አስቀምጦት ነበር። ወሎም ሆነ ጎንደር እንኮይ ለቅሞ የበላ ልጅ ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ሊገርመው ይችላል። ሆኖም በደረቀ ናሙና ለሚፈርድ ሰው ስሕተቱ ሩቅ አልነበረም። ሁለቱም እሾህ አላቸው፤ ሁለቱም ውስጡ አንድ ፍሬ ነገር የያዘ፣ ሥጋው የሚበላ ፍሬ ያፈራሉ። ዴሊል ዛፉን ግብፅ ላይ በሕይወት አገኘው። የእንኮይ ቅጠል ነጠላ ነው፤ የበደኖ ቅጠል ግን በአንድ አጭር ዘንግ ጫፍ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆኖ ይወጣል። አበባው አምስት ቅጠል፣ አሥር የወንዴ ዘንግ አለው። ዴሊል እነዚህን ቆጥሮ ዛፉን ከእንኮይ ለየው፤ ባላኒተስ የሚባል የራሱን ወገንም ሰጠው። ሰሌዳ 28 ላይ ተሥሏል። ዴሊል የሰጠው ይህ የወገን ስም ዛሬም ጸንቶ ይሠራበታል።

እስካሁን ያየናቸው ሦስቱ ዛፎች ዴሊል በሄደበት አገር የሚበቅሉ ናቸው። አራተኛው፣ የዕጣኑ ዛፍ፣ ግን ግብፅ ላይ የለም። ወደ እርሱ ያደረሰው የናንት ከተማ ተወላጅ የሆነ ፍሬደሪክ ካዮ ነው።

ካዮ በ1787 የተወለደ የዕንቁ አንጥረኛ ነበር፤ በቁስጥንጥንያ የሱልጣኑን ጎራዴዎች በከበረ ድንጋይ ሲያስጌጥ ኖሯል። በመቅደላ ጦርነት ጊዜ አጼ ቴዎድሮስ ሲሞቱ እርሱ የ80 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ የናንትን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይመራ ነበር፤ ወደ እኛ ድንበር የመጣው ግን በጎልማሳነቱ ነው። በ1821 የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ልጅ ኢስማኤል ፓሻ ሰናርን ሊወጋ ሲወጣ ካዮ ከጦሩ ጋር ወጣ። የሜሮኤን ፒራሚዶች ለካ፤ በሰናር ክረምት በወባና በተቅማጥ ከሚረግፈው ወታደር መካከል ተረፈ፤ በ1822 መጀመሪያም ፋዞግሊን አልፎ ዛሬ ቤኒሻንጉል ከምንለው አገር ደጃፍ ደረሰ። ፓሻው የሚፈልገው ወርቅና ባሪያ ነበር። ካዮ ደግሞ ድንጋይ፣ ቀንድ አውጣና ዕፅዋት ይለቅም ነበር።

አንጥረኛ መሆኑ ጠቅሞታል። ዕንቁ የሚሠራ ሰው ከትንሽ ነገር ላይ ዓይኑን መንቀል አያውቅም፤ ለሚሰበር ነገርም ይጠነቀቃል። ቀንበጥ ማድረቅ ለሚያየው ቀላል ይመስላል፤ በወረቀት መካከል አስተኝቶ መጫን ነው። በሰናር ሙቀት ግን ሙጫ ያለው ቀንበጥ ከወረቀቱ ጋር ይጣበቃል፤ ወረቀቱ ሳይለወጥ ካደረ ይሻግታል፤ እንዲያው ከተተወ ቅጠሉ ረግፎ እንጨቱ ብቻ ይቀራል። ይህን ሁሉ በግመል ጭነት፣ ከሚዘምት ጦር ኋላ እየተጓዙ፣ አንዳንዴም ትኩሳት ላይ ሆኖ መሥራት ነበረበት። ካዮ ዕፅዋቱን ይዞ ተመለሰ፤ መርምሮ የሚገልጻቸውም ዴሊል ሆነ። በ1826 «መቶ የአፍሪካ ዕፅዋት» የሚል ይዘት ያለው ሥራ ወጣ። የእኛ የዕጣን ዛፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ ቋንቋ የተገለጸው በዚህ ነው።

ካዮ በሰላም ገብቷል፤ ከኋላው የመጡት ሁሉ ግን አልገቡም። ከ1839 ጀምሮ የባሕር ኃይል መኮንኑ ቴዎፊል ሌፌቭር ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ሁለት ሐኪሞች የሆኑ ዕፀ-አዋቂዎች አብረውት ነበሩ። ካርተን-ዲሎን በ1840 በመረብ ሸለቆ ንዳድ ሞተ። አንትዋን ፔቲ በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የለቀሟቸው ዕፅዋት ፓሪስ ገብተው ነበርና አሺል ሪሻር ከ1847 እስከ 1851 ስለ ኢትዮጵያ ዕፅዋት ያሳተመው መጽሐፍ መሠረት ሆኑ። የካርተን-ዲሎን ስም ዛሬም ከእምብስና ከቀሞ ወገን በሆነ አንድ ተክል ላይ ይጠራል።

አሁን ወደ ዴሊል ጠረጴዛ እንመለስ። የዘመኑ ዕፀ-አዋቂ የደረቀች አበባ ስትደርሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የፈላ ውኃ ውስጥ መንከር ነው። የተጨማደደችው አበባ ውኃውን ጠጥታ ቀስ በቀስ ትዘረጋለች። ከዚያ በማጉያ መነጽር ሥር በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ትፈታለች። ናሙናው ጥቂት ነው፤ የተበጠሰው አይቀጠልም፤ ሌላ እንዲመጣ ሰናር ድረስ መላክ አይቻልም። ስለዚህ እያንዳንዱ የመርፌ እንቅስቃሴ ጥያቄ ይዞ መግባት አለበት። የአበባ ቅጠሉ ስንት ነው? የወንዴው ዘንግ ስንት ነው? የፍሬው ክፍል ስንት ነው? የዕጣን ዛፍ አምስትና አሥር፣ ፍሬው ላይ ደግሞ ሦስት ብሎ ይመልሳል። ቀይ፣ ሦስት ማዕዘን ያለው፣ ሲደርስ የሚፈነዳ ፍሬ ነው። ከዚህ ሌላ ማንም የማይስተው ምልክት አለ፤ ቅርፊቱ በስስ በስሱ እንደ ወረቀት ይላጣል። ዴሊል ለዛፉ የሰጠው ስም ከዚሁ ቅርፊት የተወሰደ ነው።

ዛፉን አሚሪስ ከሚባለው ወገን ደመረው። በ1843 ጀርመናዊው ሆክሽቴተር ቦስዌሊያ ወደሚባለው ወደ ዕጣኖች ወገን አዛወረው፤ ሆክሽቴተር ዊልሄልም ሺምፐር ከትግራይ የሚልካቸውን ዕፅዋት ያጠና የነበረ ሰው ነው። እዚህ ላይ የሙያው ማኅበር ያቆመው ደንብ ራሱ ጥሩ ሥራ ነው። ዛፉ ሲዛወር የመጀመሪያው ገላጭ ስም አይሰረዝም፤ ቅንፍ ውስጥ ይገባና ያዛወረው ሰው ከውጭ ይጻፋል። ስለዚህ ዛሬ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ (ዴሊል) ሆክሽቴተር ይባላል። በደኖ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገላብጦ ሊኔየስ ቅንፍ ውስጥ ገብቷል፣ ዴሊል ከውጭ ቆሟል። ማን ምን እንደሠራ፣ ማንስ ማንን እንዳረመ በአንድ መስመር ይታወቃል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም መሪነት ከ1989 እስከ 2009 በስምንት ቅጽ ተሠርቶ ያለቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ የዕፅዋት መጽሐፍም ይህን ቅንፍ እንዳለ ይዞ ቀጥሏል።

ይህንኑ ቅርፊት ከዴሊል በፊትም በኋላም የሚያነብ ሌላ ባለሙያ አለ፤ መተማና ሑመራ ላይ ዕጣን የሚያወርደው ሠራተኛ። ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ በሚቆምበት በበጋ፣ ከመስከረም ማብቂያና ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ግንቦት ድረስ ምንጋፍ በሚባለው አጭር ስለት ግንዱን ያቆስላል። የመጀመሪያው ቁስል ቁስል እንኳ አይባልም፤ የላይኛውን ቅርፊት ስስ አድርጎ መላጥ ነው። ነጭ ወተት ይወጣል፤ በነፋስና በፀሐይ ይደርቃል። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ የደረቀውን ለቅሞ ያንኑ ቁስል ጥቂት ያሰፋዋል፣ ጥቂት ያጠልቀዋል። ወቅቱ እስኪያልቅ እንዲህ ይመላለሳል። ቀጭን ዛፍ ጥቂት ቁስል፣ ወፍራም ዛፍ ብዙ ቁስል ይሸከማል።

የእጁ ልክ እዚህ ላይ ነው የሚታየው። በ2013 ሞቱማ ቶሌራና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት ሙጫውን የሚይዙት ቀጫጭን ቧንቧዎች በውስጠኛው ቅርፊት ውስጥ ሽቅብና አግድም ተያይዘው መረብ እንደሚሠሩ አሳይተዋል። ከላይ ላዩን የነካ ቧንቧውን አያገኝም። እንጨቱ ድረስ የዘለቀ ደግሞ ዛፉን ይጎዳል፤ ለነቀዝም በር ይከፍታል። በመካከል ያለው ሥፍራ በሚሊሜትር የሚቆጠር ነው። ነባሩ ሠራተኛ ይህን ሲማር መነጽር አልያዘም፤ ስለቱ ሲገባ ከሚሰማው ልስላሴና ከወተቱ አወጣጥ ለይቶ ያውቀዋል። በችኮላና በኮንትራት ብዛት የሚሠራ ጀማሪ ግን ሁሉንም ዛፍ እኩል ያቆስላል፤ ግንዱ ላይ ያለውን ጠባሳ በማየት ብቻ ማን እንደሠራበት መናገር ይቻላል።

ዴሊል ስለዚህ መረብ አያውቅም፤ አውቃለሁም አላለም። በሥራው ውስጥ የሌለ ሌላ ነገርም አለ፤ እርሱ ዛሬ ከምንም በላይ የሚያስፈልገን ነው። የእነዚህ ዛፎች አገር ተለውጧል። በ1940ዎቹ አጋማሽ እንግሊዞች ገዳሪፍ አጠገብ ገደምባሊያ ላይ የትራክተር እርሻ ከጀመሩ ወዲህ የጣልህ ጫካ ለሰሊጥና ለማሽላ እየተመነጠረ ነው፤ የቀረውም ለከሰል ይሄዳል። የዕጣኑ ዛፍ በድንጋይ ላይ በመብቀሉ ከትራክተሩ ቢያመልጥም ከእሳት፣ ከከብትና ከክፉ ስለት አላመለጠም። በ2019 ፍራንስ ቦንገርስና ባልደረቦቹ ኢትዮጵያን፣ ኤርትራንና ሱዳንን አዳርሰው ያወጡት ጥናት ከተመለከቷቸው ሥፍራዎች ከሦስት አራተኛው በሚበልጡት ላይ ተተኪ የሚሆን ወጣት ዛፍ አላገኘም። በዚህ ከቀጠለ የዕጣኑ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይወርዳል ብለው ገምተዋል።

ተተኪ አለ ወይስ የለም ብሎ ለመቁጠር ቡቃያውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የዕጣን ዛፍ ቡቃያ ደግሞ አታላይ ነው። ክረምት ላይ ይወጣል፤ በጋ ሲገባ ከአፈር በላይ ያለው ሁሉ ደርቆ ይጠፋል፤ ሥሩ ግን ወፍሮ ስንቁን ይዞ ከመሬት በታች ይቆያል። ግንዱ ጸንቶ በጋን የሚሻገርበት ዓመት እስኪመጣ ድረስ ይህን ለብዙ ክረምት ይደጋግመዋል። በጋ ላይ የሄደ ቆጣሪ ምንም የለም ብሎ ይመለሳል። ክረምት ላይ የሄደው ደግሞ ከሌላ ተክል ቡቃያ ጋር ሊያምታታው ይችላል። የዴሊል ዘመን ሰሌዳዎች አበባና ፍሬ ያሳያሉ፤ ለመሰየም የሚበቃው እርሱ ነበርና። እኛ የሚያስፈልገን ሰሌዳ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅጠሎች፣ የወፈረውን ሥርና በየዓመቱ የሚለወጠውን መልክ ያሳያል። ለዚህ ሥራ ናሙናውን ከሩቅ የሚልክ ሰው መጠበቅ አይኖርብንም፤ ቡቃያው ያለው እዚያው ሠራተኛው ምንጋፉን ይዞ በሚያልፍበት ተዳፋት ላይ ነው። ወቅቱንና ቦታውን ጠንቅቆ የሚያውቀው ሠራተኛው፣ ሥሎ የሚያስቀምጠው ደግሞ ተማሪው ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ክረምት ላይ ማውጣት ብቻ ይቀራል።